በቀትር ቅጠሉን ያጠፈው ዛፍ

ኮሮዩ፣ ያ ትልቅ ዛፍ፣ ቅጠሉን የሚያጥፈው ሲመሽ ነው። በዚያ የደለል ደሴት ላይ ሰዓት ያለው ሰው ስንት ነው ብላችሁ! ሴቱ ሁሉ ባሕሩን ወደሚመልሰው የአፈር ግድብ ቀና ብሎ፣ እሱን አይቶ ነው የእራቱን ድስት የሚጥደው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ ቀደም ብሎ ይከደናል፤ ያኔ የተሰጣው ዓሣ በሩጫ ይነሳል። ያን ቀን ግን ሞርጂና ከጓሮዋ ቀና ስትል ገና ቀትር ነበር። ጠብ ያለ ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ወፉም ጭጭ ብሏል። ዛፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅጠሉን አጥፎ ቆሟል። ሞርጂና ወደ በረንዳው ሮጠች።

«እማማ፣ ኮሮዩን አዩት?»

አማቷ ጉልናሃር በረንዳው ላይ፣ መሬት ተቀምጣ በኖራ የሚታኘከውን የፓን ቅጠሏን ታኝካለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«አየሁት። ምን ላድርገው፣ እሹሩሩ ልበለው?»

«በዚህ ሰዓት ተኝቶ ያውቃል እንዴ?»

«አንቺስ በዚህ ሰዓት ታንቀላፊ የለም? ትናንት ሩዙን ያሳረረው ማነው፣ ዛፉ ነው?»

አሮጊቷ እንዲህ ናት፤ ምላሷ ይለበልባል። ሞርጂና ለምዳዋለች። ዛሬ ግን አሮጊቷ ቅጠሉ ላይ ኖራ መቀባቱን ረስታ ደረቁን ታኝክ ነበር።

ጠዋት የመጠለያው ሰዎች በብስክሌት፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው «ከባድ ማዕበል እየመጣ ነው! ሁላችሁም ወደ መጠለያው!» እያሉ አልፈዋል። መጠለያው ከገበያው ጀርባ፣ በረጃጅም የሲሚንቶ ምሰሶዎች ላይ የተሰቀለ ፎቅ ነው። ጎረቤታቸው ሉትፋ ሕፃን ልጇን ታቅፋ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ነበር።

«ሞርጂና፣ ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሞርጂና አማቷን አየች። ጉልናሃር ቀዩን ምራቋን ጢቅ አደረገችና ለሉትፋ መለሰችላት።

«ባልሽ ባሕር ላይ እያለ ደረጃ ልትወጪ ነው? ሂጂ፣ ውጪ! ሞኒር ሲሰምጥ ከላይ ሆነሽ ታይዋለሽ።»

«ምን ላድርግ እማማ፣ ልጅ ይዣለሁ» አለች ሉትፋ፣ እንባዋ እየቀደማት። የራሷ አማት ኮሂኑርም በር ላይ እንዲሁ ረግማት ነበር። ቢሆንም ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ደሴት ወንዱ ባሕር ከወጣ የቤቱ ሴት እግሯ መሬት አይለቅም። አልጋ ላይ አትተኛም፤ ሰሌን ዘርግታ መሬት ላይ ነው። በርጩማ ላይ አትቆምም፣ ጀልባ አትሳፈርም፣ ዛፍ መውጣትማ አይወራም። የእሷ እግር መሬቱን ከለቀቀ የእሱም ጀልባ ውሃውን ይለቃል፣ ይገለበጣል ነው የሚሉት። አንዲት ራቢያ የምትባል ሴት የሚያፈስ ጣሪያ ልትጠግን በመሰላል ወጥታ ባሏ ሳይመለስ ቀርቷል ተብሎ እስካሁን ይወራል። አብረውት የሰመጡት ሰዎች ሚስቶች ግን እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀምጠው እንደነበር የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም። አይ ሰው! የሚመቸውን ብቻ ያስታውሳል።

ሞርጂና ትመን አትመን ጠይቃችሁ ከሆነ፣ እሷም አታውቀውም። ባሏ ኢድሪስ ከወጣ ጀምሮ ግን ሰሌን ላይ ነው የምትተኛው። እንደ አገሩ ሚስት ሁሉ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «የሂራ አባት» ነው የምትለው፣ በልጃቸው ስም። በሌሊት ስትገላበጥ እንኳ ተረከዟን ከመሬት እንዳታነሳ ትጠነቀቃለች። ፍርሃት አንዴ ከገባ በኋላ እውነት ነው ውሸት ነው ብሎ መመርመር የሚችል ማን አለ?

ንፋሱ ድንገት ነው የመጣው። መጀመሪያ የሙዙን ቅጠል ሰነጣጠቀው፤ ቀጥሎ የኩሽናውን ክዳን ነቅሎ ወሰደው። ሂራ የእናቷን ቀሚስ አንቃ ይዛ ትጮኻለች። ከደቡብ በኩል፣ ባሕሩ ካለበት፣ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ጉርምርምታ ይሰማል። ሞርጂና በሩዝ ማሳው ላይ ውሃ እየተንፏቀቀ ሲመጣ አየች። ጨዋማ ነበር፤ እግሯ ላይ ያለው ቁስል ሲያቃጥላት ነው ያወቀችው።

«እማማ፣ የባሕሩ ውሃ ነው! ወደ መጠለያው እንሂድ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«መንገዱ የት አለና?» አለች አሮጊቷ። እውነቷን ነው፤ ወደ ገበያው የሚወስደው የቀርከሃ ድልድይ ተነስቶ ሄዷል። ጉልናሃር ላሟን ፈታችና ገመዷን እጇ ላይ ጠመጠመችው። «ወደ ግድቡ ነው የምንሄደው። ግድቡ መሬት ነው። ከመሬት ሳንወርድ ሳንወጣ እዚያ እንቆማለን።»

በዚያ ደሴት ከግድቡ በላይ ከፍ ያለ መሬት የለም፤ በግድቡም ላይ ከኮሮዩ ሥር በላይ ከፍ ያለ ቦታ የለም። የዛፉ ሥር አፈሩን ጨብጦ ስለያዘው ሌላው ግድብ በየክረምቱ ሲናድ እዚያ ጋ ያለው አይነቃነቅም። ሞርጂና ሥሩ ቆማ አታውቅም ማለት ይቻላል። የወንዶች ቦታ ነው። ጥላው አንድ ሠርግ ሙሉ ሰው ያስቀምጣል። እዚያ ሽማግሌው ሶብሃን ሻይ ይሸጣሉ፤ ወንዱ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ይሟገታል። እሷ ወንዶቹ ሳይመጡ ማለዳ ሄዳ የወደቀውን ጣፋጭ ፍሬ ለላሟ፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ለምድጃዋ ለቅማ ትመለሳለች። የጀልባ ሠሪዎች ግንዱን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ሶብሃን «መጀመሪያ እኔን ቁረጡኝ» ስለሚሉ ነው እስካሁን የቆመው።

ላሟን አስቀድመው በጭቃው እየተጎተቱ ግድቡ ላይ ሲወጡ ከቅጠሉ መሀል ድምፅ መጣ።

«ሻይ አልቋል!»

ሞርጂና ቀና አለች። ሽማግሌው ሶብሃን መጀመሪያው ባላ ላይ፣ ማንቆርቆሪያቸውን ታቅፈው ተጣብቀዋል። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፣ ግን አፋቸው አላረፈም።

«የኢድሪስ ሚስት ነሽ? ይሄን ሁሉ ዘመን ፊትሽን አሳይተሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ አላህ ከነእግርሽ አሳየኝ! ነይ ውጪ፣ ልጅቷን አቀብዪኝ!»

ሞርጂና ሂራን በሶብሃን ሻይ ቤት የቀርከሃ መቀመጫ ላይ አቁማ ወደ ላይ ገፋቻት። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ክንዷን ያዙ። ልጅቷ «እማ! እማ!» እያለች ትንፈራገጣለች።

«ልይዛት አልችልም!» አሉ ሶብሃን፤ አሁን ቀልድ የለም። «አንድ እጄን ዛፉ ይፈልገዋል። ትወድቅብኛለች፤ አንቺ ነይ!»

ውሃው ግድቡን አልፎ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደርሷል። ሞርጂና እጇን ግንዱ ላይ አደረገች። ቅርፊቱ ሻካራ፣ የተሰነጣጠቀ ነው፤ እግር የሚይዝበት አያጣም። እግሯ ግን አልነሳ አላት። የሂራን አባት በዓይኗ አየችው፤ ጀልባው ተንጋሎ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ። ልጇ ከላይ ታለቅሳለች። ያ አላህ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ ብሎ ነገር! ዞር ብላ አማቷን አየች።

«ምን ትጎለቻለሽ?» ጮኸች ጉልናሃር።

«እማማ… እሱ ባሕር ላይ ነው።»

«መኖሩን እኔ አጣሁት? ማን ወለደውና!» አሮጊቷ ገመዱን ከላሟ አንገት ፈትታ በግንዱ ዙሪያ መወርወር ጀመረች። «አንቺ የልጅ እናት ነሽ፤ ውጪ። እኔ መሬት ላይ እቆምለታለሁ። የአንዷ እግር ይበቃዋል።»

«ውሃው እየመጣ ነው እኮ! ይምጡ፣ ሁላችንም እንውጣ!»

«ሞርጂና! ልጄን ልትገድዪብኝ ነው? ውጪ አልኩሽ!»

በስሟ ጠርታት አታውቅም ነበር። «አንቺ» ነበር፣ «ምራት» ነበር፣ «ሩዝ አሳራሪ» ነበር። ሞርጂና እያለቀሰች መቀመጫው ላይ ወጣች፤ ከዚያ ጥፍሯ እስኪነቀል ቅርፊቱን ቧጥጣ ባላው ላይ ደረሰች። እግሯ መሬቱን ለቋል። ሂራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ወደ ግንዱ ተጠጊ» አሉ ሶብሃን። «ጥላው ሲታይ ለጋስ ነው እንጂ ጫፉ አይታመንም። ቅርንጫፉን እንደ ፈለገ ይጥለዋል፤ በጸጥታ ቀን እንኳ ጥሎ የሻይ ብርጭቆዬን ጨርሶብኛል።»

አፋቸውን ሳይዘጉ፣ ቀደም ብሎ ሞርጂና ልትይዘው እጇን የዘረጋችለት ትልቅ ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ከነቅጠሉ ወደ ውሃው ሄደ። ሞርጂና ግንዱን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም።

ጉልናሃር ከታች ራሷን ከግንዱ ጋር አሥራለች። ቋጠሮውን ከፊት ለፊቷ አደረገችው፣ እጇ እንዲደርስበት። እግሮቿን በሁለት ሥሮች መሀል አስገብታ ጭቃው ውስጥ ቀብራቸዋለች። ውሃው ጉልበቷ ጋ ደረሰ። ወገቧ ጋ ደረሰ። ሶብሃን ማንቆርቆሪያውን ጥለው በሆዳቸው ተኙና እጃቸውን ዘረጉላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያዢኝ! ልጅሽ ሳይሞት አንቺ ልትሞቺ ነው?»

«እጅህን ሰብስብ! ከመሬት ካነሳኸኝ ገዳዩ አንተ ነህ፤ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን እይዝሃለሁ!»

«እማማ፣ እለምንዎታለሁ!» ሞርጂና ትጮኻለች፤ ንፋሱ ድምፅዋን ከአፏ ላይ ይነጥቀዋል። «እማማ፣ ገመዱን ይፍቱት! እማማ!»

አሮጊቷ ቀና አለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ፈርታ ነበር፤ ዓይኗ አፍጥጦ፣ በጣም ፈርታ ነበር። ሞርጂና ይህን ነው መቼም የማትረሳው። ያልፈራች ብትሆን ይቀላት ነበር። እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደ፤ ነካችው፤ ከዚያ መለሰችና ግንዱን ያዘች።

«ልጅቷን ዓይኗን ሸፍኚያት» አለች።

ሞርጂና የሂራን ፊት ደረቷ ውስጥ ቀበረች። ከደቡብ በኩል ነጭ መስመር መጣ፣ ከግድቡም ከቤቱም በላይ ከፍ ያለ። ዛፉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ውሃ እላያቸው ላይ ወጣ፣ አፏም አፍንጫዋም ሞላ፣ ልጇ ከእጇ ልትወጣ ስትል በጥርሷ ጭምር ቀሚሷን ነከሰች። ውሃው ሲወርድ ሂራ እያሳለች ነበር። ሶብሃን ከጎኗ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ። ከታች ግን የሚሰማ ነገር የለም።

ውሃው የጎደለው በማግስቱ ነው። ጉልናሃር ታስራ እንደቆመች አገኟት። ሶብሃን ቋጠሮውን ሲነኩት በአንድ ጉተታ ተፈታ፤ ላላ ያለ ቋጠሮ ነበር። እግሯን ከጭቃው ለማውጣት ግን መቆፈር አስፈለጋቸው።

ደረቅ መሬት ያለው እዚያው ግድቡ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያው ቀበሯት። ከመጠለያው የተረፈው ሰው እየመጣ ኮሮዩ ሥር ይሰበሰባል፤ ወንድ ሴት የሚለው ቀርቷል። ለሰው ሁሉ ሶብሃን ይነግሩታል፣ እንዴት እንደቆመች፣ ምን እንዳለች። ሴቶች ገመዱን እየዳሰሱ ያለቅሳሉ። «ያ እግር ኢድሪስን ያመጣዋል፣ ታያላችሁ» ይላሉ። ሉትፋ ልጇን ታቅፋ ከሰው ፈንጠር ብላ ቆማለች። እሷ ፎቅ ላይ ነበረች፤ በሌላ ጀልባ የወጣው የሞኒር ወሬ የለም። አማቷ ኮሂኑር ጀርባዋን ሰጥታታለች። ሞርጂና ወደ እሷ ልትሄድ ፈለገች፤ ሰው ያየኛል ብላ ፈራችና ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ሞርጂና የላሟን ነገር ልታይ በግድቡ ላይ ወረድ ብላ ሳለ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ አየች። አረማመዱን አወቀችው። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«የሂራ እናት!» ኢድሪስ ሮጦ መጣ። «ልጄስ?»

«አለች። ደኅና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ አብጄ ነበር።» አጠገቧ ተንበረከከ። «እኛማ ባሕር መቼ ገባንና! በወጣን በማግስቱ ሞተሩ እምቢ አለን፤ ማዶ ወደብ ገብተን እዚያው ቀረን። ንፋሱ ሲመጣ የጨው መጋዘን ውስጥ ነበርን። ሩዝ ቀቅለው አበሉን፤ ስለእናንተ እያሰብኩ እንዴት አድርጌ ልዋጠው! ዛሬ ጠዋት በሰው ጀልባ ተሻገርኩ።»

ሞርጂና ሩዝ ያለው ብቻ ነው የተሰማት። ሩዝ ሲበላ። ሩዝ ሲበላ እናቱ…

«እማስ?» አለ ኢድሪስ። «የት ናት?»

ነገረችው። ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች? እግሯን እንዳላነሳች፣ ለማን እንዳላነሳች፣ ቋጠሮውን ነክታ እንደመለሰች፣ ሁሉንም። ኢድሪስ ጭቃ የለበሰ እግሩን ያያል። ከዚያ እጇን ጨምድዶ ያዛት፣ እስኪያማት።

«ለማንም እንዳትናገሪ። እኔ መሬት ላይ እንደነበርኩ ለማንም። እናቴ በከንቱ ሞተች አይባልም። ሰማሽ?»

ሞርጂና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ኮሮዩ ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሶብሃን ኢድሪስን አቅፈው አለቀሱ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላሉ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠየቁት።

«ንፋሱ የት አገኘህ፣ ልጄ?»

ኢድሪስ አዲሱን አፈር አየ።

«ባሕር ላይ» አለ።

ሰዉ «አላሁ አክበር!» አለ። እልል ያለም፣ የጮኸም፣ መሬት የሳመም ነበር። ኮሂኑር ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ ሉትፋ ዞረች።

«ሰማሽ? እናት እንዲህ ናት! ሴት እንዲህ ናት! አንቺ ፎቅ ላይ ወጥተሽ ልጄን ባሕር ከተትሽው። ነፍሰ ገዳይ!» ሕፃኑን ከክንዷ ላይ መነጨቀችው። «የልጄን ልጅ ስጪኝ! አንቺ ከቤቴ ውጪ!»

ከወንዶቹ አንዱ እንኳ «ተይ» አላላትም። ሴቶቹም ጠጋ ጠጋ እያሉ ሉትፋን ከበቧት። ሉትፋ እጆቿን ወደ ልጇ ዘርግታለች። ዓይኗ ሞርጂና ላይ ነው።

ሞርጂና አሁን ብትናገር ባሏ ይቅር አይላትም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ያለችው ሴት ደግሞ ለእሷ ብላ፣ ለልጇ ብላ ነው የቆመችው። ያንን ሞት ከንቱ ነበር ብሎ በአደባባይ መናገር እንዴት ያለ ነገር ነው? ሴት ደግሞ በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት ምን አፍ አላት! በማዕበሉ ውስጥ እንዲህ አልፈራችም ነበር። ሕፃኑ በኮሂኑር እጅ ላይ ሲያለቅስ ሰማች።

«አልነበረም» አለች።

ማንም አልሰማትም። ደግማ ጮኸች።

«ባሕር ላይ አልነበረም! ኢድሪስ ባሕር ላይ አልነበረም!»

ስሙን ስትጠራ ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ማዶ ወደብ፣ የጨው መጋዘን ውስጥ ነበር። መሬት ላይ። ሩዝ ይበላ ነበር። የእኛ እግር የትም ይሁን፣ እሱ መሬት ላይ ነበር። ሉትፋ ማንንም አልገደለችም።»

ሰው ሁሉ ወደ ኢድሪስ ዞረ። ሶብሃን «ልጄ?» አሉት፣ ድምፃቸው እየለመነ። ኢድሪስ ሚስቱን አየ፤ እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እውነቷን ነው» አለ። «መሬት ላይ ነበርኩ።»

አፈሩ ላይ በግንባሩ ተደፋና «እማ፣ ምነው? ምነው እማ?» እያለ ጮኸ። ኮሂኑር ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ ቀረች። ልጁን አልመለሰችም፣ እጇ ግን ላላ፤ ሉትፋ ቀስ ብላ ሄዳ ወሰደችው።

ሰዉ አንድ በአንድ እየተበተነ ከዛፉ ሥር ወጣ። ሞርጂና ሂራን ይዛ ወደ ባሏ ሄደች። ቀና ብሎ አላያትም። ከእንግዲህ ምን እንደሚላት፣ ቤቱ ያስገባት እንደሆነ፣ ቤትስ ካለ፣ አታውቅም። እየፈራች አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።